የጋሽ አድማሱ መኪና በግራ በኩል

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9፣ ከሰዓት

አንቺ ደብተር፣ ናፍጣ ናፍጣ ብሸትሽም ቻይው። ከጠዋት ጀምሮ መኪና ሥር ነኝ። የጋሽ አድማሱ አሮጌ ፒክአፕ። በአራቱም ጎማ የምትጎትት፣ በክረምት ያንን የይጁቤ ማዶ ቁልቁለት የምትደፍር እሷ ብቻ።

ጋሽ አድማሱ ራሳቸው አርፈዋል። ቅዳሜ ተዝካራቸው ነው፣ እዚያው ቁልቁለቱ ሥር፣ አገራቸው። እህሉን፣ ጠላውንና እናቱን ጭኖ የሚወርደው ልጃቸው ይበልጣል። መንጃ ፈቃዱ ገና ከላስቲኩ አልወጣም።

ሥራው፦ የፊት ባሌስትራ (መኪናዋን የሚሸከመው ጎባጣ ብረት)፣ የላስቲክ ጎሚኒ፣ ሾክ፣ የመሪ ቴስቲና። ሁሉም አልቋል። የሾፌር በኩሉ ባሌስትራማ ጎብጦ መቆም ትቶ ተዘርግቷል። ምን ያድርግ፣ ጋሽ አድማሱን ተሸክሞ! ሰውዬው ጋቢና ሲገቡ መኪናዋ ትንበረከክ ነበር። አንዴ «ጋሽ አድማሱ፣ እርስዎ የሚጫኑት በኩንታል ነው በነፍስ ወከፍ?» ብያቸው ጆሮዬን ይዘው ገበያውን አዞሩኝ። በገዛ ቀልዴ ከእኔ በላይ እየሳቁ።

አለቃዬ ጋሽ ውበቱ ዛሬ ተቆጣ። ስልኩን ግሪስ ቀብቼበት ግማሽ ፊቱ ጠቁሮ ዋለ። አንዲት ቀልድ ብትጨምር ትባረራለህ አለኝ። እሺ። ግን ደንበኞቹ ስቀዋል።

ረቡዕ፣ ጠ. 2 ሰዓት

ትናንት ማታ አዲሱን ዕቃ ገጥመን ጨረስን። ከመሬት ከጎማው በላይ እስካለው ፓራፋንጎ በስንዝር ለካሁ። ግራና ቀኝ እኩል።

ዛሬ ግራው ሁለት ጣት ወርዷል።

ጋሽ ውበቱ መጀመሪያ ያየው መኪናዋን አይደለም፣ እኔን። ጎማ አስተንፍሰሃል አለ። ንፋሱን ለካው፣ እኩል ነው። ድንጋይ ደብቀሃል አለ። ጋቢናውን በረበረ፣ ባዶ። በእመቤታችን ብዬ ማልኩ። እሱ ደግሞ፣ አንተ ስትምል ነው የምፈራው!

ብልሃት ግን አያጣም። የግራውን ባሌስትራ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርነው። ጥፋቱ የብረቱ ከሆነ ነገ ቀኙ ይወርዳል።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ግራው ነው የወረደው።

ጉሙ ከተማውን ውጦታል። መስታወቱ ሁሉ ከውጭ ረጥቧል። ከውስጥ ያላበው ግን አንድ ብቻ፣ የሾፌሩ። ገብቼ በእጄ ጠረግኩት። እያየሁት ቀስ ብሎ አላበው፣ ሰው እንደሚተነፍስበት። ወጣሁ።

የጋራዡ ውሻ መኪና ሥር ካልሆነ አይተኛም ነበር። ዛሬ ዝናብ ላይ ቁጭ ብሎ የግራውን ጎማ ያያል። ሳቅሁበት። የሚያጅበኝ የለም እንጂ ሳቅስ ስቄያለሁ።

ዓርብ፣ ከሰ.

ጋሽ ውበቱ ሊሞክራት ወጣ፣ እኔን ጎኑ አስቀምጦ። ሜዳው ላይ ደህና ነች። ቁልቁለቱ ጫፍ ስንደርስ መሪው ወደ ግራ ሄደ። ሲወርዱ ገደሉ በግራ ነው። በሁለት እጁ ተናንቆ አቆማት። መንገዱ ነው አለኝ። መንገዱን አየሁት፣ ወደ ግራ አያዘነብልም።  

ጋራዥ ተመልሶ እጁን ይታጠባል፣ ይታጠባል፣ አይጨርስም። ለይበልጣል ንገረው አልኩት።

«ምን ብዬ? ሟች አባትህ መሪው ላይ ተቀምጠዋል ልበለው?»

ደብተሬ፣ ልብ በይ፣ እኔ አላልኩም። እሱ ነው ያለው። ካለ በኋላም ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሌላ የሚቀየር ዕቃ የለም፣ ሥራው አልቋል፣ ነገ ይውሰዷት አለ።

ሮጬ ይበልጣል ቤት ሄድኩ። ሁሉን ነገርኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«አባዬን እንኳ አትምርም?»

በሩን ዘጋብኝ። እውነት ስናገር ምን ዓይነት ፊት ማሳየት እንዳለብኝ አላውቅም። መስታወት ፊት ሞከርኩ፤ የቀልዱ ፊት ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ፣ ጠ. 3 ሰዓት፣ ጭነቱ ላይ ሆኜ

ፊደሌ ቢንቀጠቀጥ የእኔ አይደለም፣ የመንገዱ ነው።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ጋራዥ ገባሁ። ግራው እንደወረደ ነው። የሾፌሩን በር ከፈትኩ። መጀመሪያ የለመደብኝን አልኩ፤ ጋሽ አድማሱ፣ መንጃ ፈቃድዎ ታድሷል ወይ? ምንም። ውሻው ብቻ ጆሮውን አቆመ።

ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ጋሽ አድማሱ፣ ይበልጣል ነው የሚነዳው። እናቱም አብረው አሉ። ገደሉ በግራ ነው፣ ያውቁታል። እባክዎ፣ ወደ ማዶ ጠጋ ይበሉለት።»

ወንበሩ ጮኸ። ግራው ቀስ እያለ ተነሣ፤ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ እንደሚነሣው። ቀኙ ወረደ። ለካሁት፣ ሁለት ጣት። 

እትዬ ጥሩ፣ እናቱ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ማንም አልነገራቸውም። መኻል ገብተው ከልጃቸው ተጠግተው ተቀመጡ፣ የመስኮቱን ቦታ ትተው። ይበልጣል ቅያሜውን ረስቶ፣ ና ግባ፣ ቦታ አለ አለኝ። እሳቸው ቀደሙኝ፤ ይተወው ልጄ፣ እሱ ከኋላ ይሁን አሉት። ዓይኔን ግን አላዩኝም።

ጋሽ ውበቱ በሩ ላይ ቆሞ አላባረረኝም፣ አልጠራኝም።

ቁልቁለቱን ግማሽ ወርደናል። መኪናዋ ተራራውን ተጠግታ ነው የምትሄደው፣ ከገደሉ ሸሽታ። ይበልጣል ያፏጫል፣ እኔ ነኝ ጎበዝ ብሎ ነው። ይበል።

አሁን የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። ማታ ስንመለስ ገደሉ በቀኝ ይሆናል። ወሰንኩ፤ ድግሱ ሳያልቅ፣ ሰው ሳያየኝ በመስኮቱ በኩል ያለውን የቀኙን በር ከፍቼ፣ አገርዎ ደርሰዋል፣ ይውረዱ እላቸዋለሁ። በትሕትና። ሳልቀልድ። እምቢ ካሉኝ ይበልጣልን ቁልፉን ቀምቼ ሁላችንንም እዚያው አሳድራለሁ።