ከቡቲኩ ደጅ

ሰኞ

ሙሽራዋ ትፈልገኛለች፤ እናቷ አይፈልጉኝም።

ሥራዬ ሰው ይዤ ቡቲክ ለቡቲክ እየዞርኩ የሚያምርበትን መምረጥ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም አልጠራኝም። ዛሬ ቤዛዊት ደወለች። የመልስ ቀሚስ። ወዲያው እናቷ ወይዘሮ አስካለ ስልኩን ተቀበሏት።

«የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ። ጥቁር የለበሰ ሰው የሙሽራ ልብስ አይነካም።»

ላወልቀው አልችልም። የምኖረው በባሌ እናት ግቢ ነው። እትዬ የሻረግ፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ካወለቅሽ ወይ የሠርግ ነገር ከነካሽ ግቢዬን ልቀቂ ብለዋል።

ማክሰኞ

ቤዛዊት መላ ዘየደች። እኔ ደጅ ቆሜ በመስታወቱ እመርጣለሁ፤ አልነካም። እናቷ እሺ አሉ።

ዝናብ መጣ። ባለ ቡቲኩ «ግቢ እንጂ፣ ዘበኛ ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «እሱ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው!» እያልኩ እጮሃለሁ። ወይዘሮ አስካለ ሁሌም አጠገቡ ያለውን ያነሳሉ። ጨርቅ ሳይዳስሱ መምረጥ ሳይቀምሱ ጨው እንደመጨመር ነው።

አረንጓዴ ጥበብ ያለው ተገዛ። ወገቡ ሳይጠባት አይቀርም። በምን ልወቅ?

ረቡዕ

አልጠሩኝም። እትዬ የሻረግ ምስር እየለቀሙ፣ «ደጅ ቆመሽ ስትጮሂ ዋልሽ አሉ።»

«አልገባሁም።»

«እሱንም ሰምቻለሁ።»

ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ሰማያዊ ሹራቤን አየሁት። መልሼ ዘጋሁት።

ሐሙስ

ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው ደወሉ። ዚፑ ጨርቁን ነክሶ ይዞ ልጅቷ ቀሚሱ ውስጥ ቀርታለች። ሮጥኩ። በራቸው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምን ይገትርሻል?»

«አይነካም አላሉም?»

«ኧረ በሞቴ ግቢ!»

ቤዛዊት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ታለቅሳለች፤ መልሳ ትስቃለች። ዚፑን በደረቅ ሳሙና አሸሁት። ለቀቀ። ወገቡን ፈትቼ አሰፋሁት፤ ክሩን የያዙልኝ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሲሸኙኝ እጄን እጄን ያያሉ። ሠርጉ እሁድ ነው። ነይ አላሉኝም።

ዓርብ

እትዬ የሻረግ ቀሚሴ ላይ ነጭ ክር አዩ። አንስተው በጣታቸው ጠቀለሉት።

«ነካሽው።»

«ነካሁት።»

ዕቃዬን በየትኛው ሻንጣ እንደምከት አሰብኩ። እሳቸው ክሩን ሲጠቀልሉ ቆዩ።

«ለሙት ዓመቱ የምለብሰውን አንቺ ምረጪልኝ» አሉ።

«ጥቁር?»

«ጥቁርማ አለኝ።»

ስለ እኔ ልብስ ምንም አላሉም። ነገ ገበያ እንወጣለን።