እትዬ የሰጠመችበት እሁድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ንገሪኝ። ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ቤቱን ሁሉ ትጠሪያለሽ? ጋሼስ፣ ያ ሳሉ ተሻለው? መንትዮቹስ እንዴት ናቸው? እናታችን መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቀዋለች? እኔ፣ ባለቤቴና አማቴ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። እየበላሁ እንደሆነ መጠየቅሽ ስለማይቀር፣ አዎ፣ እየበላሁ ነው፤ ቀበቶዬ ምስክሬ ነው።

አሁን ደግሞ ከሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ፤ ባለፈው እሁድ ሰጥመሻል። ደንግጠሽ ደብዳቤውን እንዳትጥዪው። ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ላጫውትሽ።

የባለቤቴ እናት ካረፉ ወዲህ አባቷ ከእኛ ጋር እንደሚኖሩ ጽፌልሽ ነበር። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ መንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበሩ፤ የዚህን ከተማ ግማሽ ሕዝብ በፈተና ጥለዋል። ጡረታ ወጥተው የሚጥሉት ሰው ሲያጡ ወደ እኔ ዞሩ። በር ስዘጋ ያዩኛል፣ ሻይ ስቀዳ ያዩኛል፣ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ከወር በፊት ታዲያ ድንገት «እኔ እዚህ ቤት እንደ ቁም ሣጥን ቆሜ መቅረቴ ነው፤ ትልቋ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አሉ። ትልቋ ልጃቸው ያለችው ባሕር ማዶ ነው። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። እናቷን ቀብራ ዓመት ሳይሞላት አባቷን ልትሸኝ! አንጀቴን በላችው። ግን እኔ ምን ብዬ ላስቀራቸው? ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የለንም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ቧንቧ ልጠግን ሄድኩ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ክንድ ተኩል የሚያህል ጦር መርከብ ተጋድሟል፤ ጎኑ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። አሳዘነኝ። ሐኪሙ ስልክ እስኪጨርስ ቀዳዳዎቹን አንድ ሳላስቀር ደፈንኩለት። ተመልሶ ሲያይ ሳቁ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ለካስ እሱና ጓደኞቹ፣ ሽበት ያወጡ የቤተሰብ ኃላፊዎች፣ በሪሞት የሚነዳ መርከብ እየሠሩ ከተዘጋው ጡብ ፋብሪካ ኋላ ባለው ኩሬ ላይ ይዋጋሉ። መድፎቹ በጋዝ ግፊት ከኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ ይተፋሉ። የተመታው መርከብ ውሃ ይሞላና ይሰጥማል፤ ባለቤቱ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ ያወጣዋል፣ ይጠግነዋል፣ በሌላው ሳምንት እንደገና ያሰጥሙታል። ደስታቸው ይኸው ነው።

ይህንን ምሳ ላይ ሳወራ አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ሕግ አለው?» አሉኝ። አለው፣ ሐኪሙም ሰጥቶኝ ነበር፤ ከኪሴ አውጥቼ አቀበልኳቸው። በማግስቱ ቁርስ ላይ እንደ ጸሎት በቃላቸው አነበነቡት።

እንዲህ ብለን ጀመርን። ሳሎኑ የኮምፔንሳቶ ፍቅፋቂ ሞላው፣ ገንዳው የመርከብ መሞከሪያ ሆነ፣ ባለቤቴ በባልዲ መታጠብ ጀመረች። አማቴ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ ይለካሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ፤ አባባ ይጥሉታል፣ እኔ እንደገና እቆርጣለሁ። ስም ሲወጣላት «እጅ መስጠት የማይወድ ሰው ታውቃለህ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልዋሽ? ያንን አከራያችንን በመጥረጊያ እስከ ዋናው መንገድ ያባረርሽበት ቀን ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። «እትዬ» ብለን በነጭ ቀለም ጻፍንባት።

ጥፋቱ የመጣው ከእኔ ነው። ሕጉ የመርከቧ ጎን በስስ እንጨት ብቻ ይሸፈን ይላል፤ ኳሱ መብሳት አለበት፣ ካልበሳ ጨዋታ የለም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃን አትግባ፣ አትውጣ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን ስስ እንጨት ሳይ እጄ አላስችል አለው። መጀመሪያ ለመገጣጠሚያው ብቻ ብዬ ትንሽ የቧንቧ ማሸጊያ ቀባሁ። ቀጥሎ ለጥጋጥጉ። ኋላ የቀረው ቅር እንዳይለው ብዬ ውስጧን በሙሉ ደግሜ ደጋግሜ ለቀለቅሁት። ተንኮል አልነበረኝም። ገንዳው ውስጥ ስትንሳፈፍ ጠብታ አልገባባትም፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

እሁድ ኩሬው ዳር ደረስን። ውጊያው ሳይጀመር የእያንዳንዱ መርከብ ጎን በአንድ ጥይት ይፈተናል። ሐኪሙ ማን ይፈትን ሲል አባባ እጃቸውን አወጡ። እኔማ ዳኛው የቤታችን ሰው ሆነ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የእኛ ተራ ደረሰና ተኮሱ። ኳሷ ነጥራ የሐኪሙን ቴርሞስ መታች። አባባ ጎኗን በጣታቸው አንኳኩ፣ አሸተቱ፣ ቀና ብለው «ይህ አይሰጥምም» አሉ። ሙገሳ መስሎኝ እጅ ነሣሁ። «ወድቀሃል» አሉኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከተዋጊዎቹ አንዱ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ እሳቸው በመንጃ ፈቃድ ፈተና ደጋግመው የጣሉት፤ መጥቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ልሄድ ስል አባባ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ያንን የለፋሁበትን ጎን በመቆንጠጫ እየገሸለጡ ትርፍ እንጨቱን እንዳመጣ አዘዙኝ። ግንባር ለግንባር ገጥመን ስንለጥፍ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ወሬ ጀመሩ። የባለቤቴን እናት ያወቋት በፈተና ጥለዋት ነው። ልትጨቃጨቅ ቢሮ መጣች፣ ደግመው ጣሏት፤ ደግማ መጣች። በመጨረሻ አገቧት። «መንጃ ፈቃዱን ግን አልሰጠኋትም፤ መስተዋት አታይም ነበር» አሉኝና አንዱን እንጨት ደጋግመው ለኩ። እኔም አቀርቅሬ ሙጫ ቀባሁ። ያን ጊዜ ወደድኳቸው፣ እትዬ። እስከዚያ ድረስ እፈራቸው ነበር እንጂ አልወዳቸውም ነበር።

ውጊያው ተጀመረ፤ ሪሞቱን እሳቸው ያዙ። ጉድ ፈላ! ጦርነት መሃል ቅድሚያ ይሰጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ በቀኝ ሲመጣ ቆመው አሳለፉት፤ እሱም ሲያልፍ እግረ መንገዱን ጎናችንን በሳብን። እሳቸው «ተራውን ጠብቆ ነው» አሉ። ቀጥሎ ሐኪሙ መጣ። ያ ሰው በሥራው የለመደውን ነው ያደረገው፤ እየዞረ ሰረሰረን። ከዳር ያለው ሰው ሁሉ «እትዬ ተመታች! እትዬ ውሃ ገባት!» እያለ ይጮኻል። የገጠምኩልሽ ፓምፕ እስከ መጨረሻው ውሃ ተፋ፤ አፍንጫሽ ከውሃ በታች ሆኖም ትተኩሺ ነበር። ከዚያ ሰጠምሽ። ባላሞግስሽ ነውር ነው።

እኔ ጫማዬን ስፈታ አባባ ከነጫማቸው፣ ከነተተኮሰ ሱሪያቸው ገቡ። አወጡሽ፣ አቀፉሽ፣ ውሃው ከደረታቸው እየወረደ ሳቁ፤ ትን እስኪላቸው ሳቁ። ባለቤቴ ዳር ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማችውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ መሄዳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኛም ፈርተን አልጠየቅንም። ትልቋ ልጃቸው ቁርጡን ልትሰማ ዛሬ ትደውላለች። ባለቤቴ ከምሳ ጀምሮ አንድ ብርጭቆ ይዛ ታጥባለች። እኔም ልቤ አላርፍ ስላለኝ ነው ይህንን የምጽፍልሽ።

እናታችንን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን ዓይንሽ እያየ ትዋጥ። ጋሼን ለሳሉ ብሎ ሲጋራውን ካልተወ እንደማልጽፍለት ንገሪው። መንትዮቹን ሳሚልኝ፣ የመርከቡን ነገር ግን እንዳታነሺባቸው፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋሽን ይነጥቁሻል። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን፣ የላከችልኝ ሹራብ እጅጌው ለሁለት ሰው እንደሚበቃ፣ ግን እንደምወደው ንገሪልኝ።

ላሽገው ስል ስልኩ ጮኸ። አባባ ራሳቸው አነሱት፤ ባለቤቴ የውሃውን ቧንቧ ዘጋች። «አልመጣም» አሏት ልጃቸውን። ወዲያ ማዶ ምን እንዳለች አልሰማሁም። እሳቸው ግን እኔን ቁልቁል እያዩ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ሰጥመን ነው የተመለስነው። አሁን ይህንን ልጅ ትቼው ብመጣ፣ ነገ የማይሰጥም መርከብ ይሠራል» አሏት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከዚያው ከምታውቂው አድራሻ፣ ከኩሽናው ጠረጴዛ ላይ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 19 ቀን