ለቅሶ ቤት ያሳዩን ፊልም

ውድ ጋሼ አለበል፣

እንደምን ሰነበቱ? ከንፋስ መውጫ እስቴ መካነ ኢየሱስ ድረስ ስልክ የማይደርስ ይመስል ደብዳቤ መጻፌ ያስቅዎት ይሆናል። በስልክማ ገና «ጋሼ» ከማለቴ ቀልድ ይጀምሩና፣ የልቤን ሳልነግርዎት ካርዱ ያልቃል።

ያንን የድሮ ፊልም ሰሞኑን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ገጠሬው አጎት ለእህቱ ልጅ ሰርግ በግ ተሸክሞ ከተማ ይመጣና፣ ድንኳን ሲያይ ደረስኩ ብሎ የሰው ለቅሶ ውስጥ ዘው ይላል። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያገኘው «ሙሽራዋን አልወደዷትም ማለት ነው» ብሎ ያዝናል። ለምን እንደማይሰለች አሁን ገባኝ፤ እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ቤት የለም። ሲመጣ ምን ይል ይሆን ብለን እንሳቀቃለን፣ ሲቀር ደግሞ ቤቱ ጭር ይልብናል። በእኛ ቤት እርስዎ ነዎት፤ አይቆጡኝ።

አባቴ ያረፈ ሰሞን እናቴ እህል አልቀምስ አለች። ቄሱ መከሯት፣ ጎረቤት ለመናት፤ ወይ ፍንክች። እሷንም ልቀብር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እርስዎ ግን ከፍራሹ ተነሥተው፣ ለሐዘኑ የተሸፈነውን ቴሌቪዥን ገልጠው ፍላሽዎን ሰኩ። አብዷል ብያለሁ በሆዴ።

እናቴ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። ሰውየው በጉን «ለሙሽራዋ» ብሎ ለሐዘንተኞቹ ሲያስረክብ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ኋላም ድምፅ አወጣች። ጎረቤታችን እማማ የኔነሽ ከውጭ ሲሰሙ አዲስ ለቅሶ መሰላቸውና፣ የአባቴን ስም እየጠሩ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እናቴ እሳቸውን ስታይ ጭራሽ ባሰባት። እሳቸው ያለቅሳሉ፣ እኛ እንስቃለን። ያን ቀን ከሰዓት እናቴ በገዛ እጇ ሽሮ ፍትፍት ጎረሰች።

ለዚህ ውለታዎ ያተረፉት ወቀሳ ነው። ሽማግሌዎቹ «ገና አርባው ሳይወጣ በወንድሙ ሞት ቀለደ» ሲሉ ሰምተው፣ ሳይሰናበቱን ወደ እስቴ ሄዱ። ይኸው እስካሁን ደጃችንን አልረገጡም። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እናቴን መልሰው ሰጥተውኛል።

አሁን ሙት ዓመቱ ደርሷል። ትናንት ማን ማን ይጠራ እየተባባልን ሳለ፣ አንዱ ሽማግሌ የእርስዎን ስም ሲሰሙ ፊታቸውን ቋጠሩ። እናቴ ጌሾዋን ከመውቀጥ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

«የሞተበት'ኮ ወንድሙ ነው። እኔን እሱ አሳቀኝ፤ እሱንስ ማን አስለቀሰው?»

ይምጡልን ጋሼ። ቀልዱ ይቆይና እኛ ቤት መጥተው ያልቅሱ፤ አጠገብዎ እንቀመጣለን።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሩት