አስካለ የተባለችው አውሮፕላን

ሰኞ
አጥፍቶታል! የእናቴን ስም በአረንጓዴ ቀለም አጥፍቶ «ንስር» ብሎ ጽፎበታል።

የእማዬን የለቅሶ ድንኳን አፍርሰን ምናለሽ ተራ ስመለስ ሱቃችን ባዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከበርሜል ቆርቆሮ የቀጠቀጥኳት ተዋጊ አውሮፕላን የለችም። ሸሪኬ ጀማል፣ ለቅሶ እንኳን ያልደረሰኝ ጀማል፣ «እኔ ነኝ የሠራኋት» ብሎ ለፊልም ሠሪዎቹ አስረክቧታል። ሲኒማ ራስ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ አየኋት።

ፊልም ሠሪዎቹ እንደዚህ ሥሩ ብለው የሰጡን ፎቶ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላኗ ገና ስትሞከር የተነሳ፣ ስም ሳይወጣላት። «ስሙን ሠሪው ያውጣ» ብለው ነበር። በእማዬ ስም አስካለ ብዬ ጻፍኩባት። ለእማዬ ስነግራት እየሳቀች መረቀችኝ።

ማክሰኞ
ሄጄ ልጩህ? ማን ያምነኛል? ሥራውን የተዋዋለው እሱ ነው። መዶሻዬን አንስቼ ወደ ቤቱ ልሄድ ስል ትዝ አለኝ። የግራ ክንፏን በብየዳ ነካ ነካ አድርጌ ነው የተውኩት። በማግስቱ ልጨርሰው ስል እማዬ ሞተች። ጀማል ይህን አያውቅም፤ እሱ ቀለም ቀቢ ነው።

ይሰበር! ካሜራ ፊት ይሰበርና ይዋረድ! ዛሬ ምሳ በላሁ፣ ከስንት ቀን በኋላ።

ረቡዕ
የግቢውን ዘበኛ አገኘሁት። ነገ ተዋናይዋ የግራ ክንፉ ላይ ትቆማለች አለኝ። ቀጭን ልጅ ናት አለ። ቀጭን ብትሆንስ? ያ ክንፍ ድመት አይሸከምም። ኤጭ! በቀሌን አበላሸችብኝ።

ሐሙስ
የብየዳ ማሽኔን ተሸክሜ ግቢው ገባሁ፤ ጀማልም እዚያ ነበር። ልጅቷ እግሯን ልታነሳ ስትል «ቆይ!» አልኩ። ዳይሬክተሩን፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ጋሼ፣ አንዱ ክንፍ በደንብ አልተበየደም። የትኛው እንደሆነ ሠሪው ያሳይዎት» አልኳቸው። ጀማል ቀኙን ነካ። እኔ ግራውን በአንድ እጄ ሳብ ሳደርገው ተላቀቀ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በየድኩት። ዳይሬክተሩ «ስሟ ማነው ታዲያ?» ሲሉኝ ብሩሹን ለጀማል ሰጠሁት። «ጻፍ» አልኩት። «ንስር»ን አጥፍቶ የእማዬን ስም ጻፈ።

«እናትህ ምሳ ታመላልስልን ነበር» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። ብሩሹን መልሶልኝ «አላህ ያጽናህ» አለኝ።

ለቅሶ መድረሱ ነው እንግዲህ። ይቅርታ አላደረግኩለትም። ነገ ሱቅ ሲመጣ ምን እንደምለው ግን አላውቅም።