ክደነውና በቃልህ በለው

ይታያል ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

የዩኒቨርሲቲያችንን የሃያ ዓመት ታሪክ የጻፍሁት እኔ መሆኔን ያልነገርሁት ሰው እንደሌለ ታውቃለህ። ጋይንት ቤተ ልሔም መጥቼም ለድጓው መምህር ለየኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ጉራዬን ነዛሁባቸው። «እስቲ አሰማና» አሉኝ። ላፕቶፔን ስከፍት ጊዜ «ክደነውና በቃልህ በለው፤ እዚህ መጽሐፍ እያየ ለመምህርነት የሚያስመሰክር የለም» አሉ።

ተማሪዎቻቸው ከበቡኝ፤ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚዘልቁ ናቸው። እኔ በሦስት መቶ ተማሪና በተውሶ ክፍል ጀመርሁ፤ ሁለተኛው ግቢ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። አንዱን ዲን ሁለት ጊዜ ሾምሁት፤ የሕክምና ኮሌጁን ሳይከፈት አስመረቅሁት። እኛ ዘንድ በስላይድ ሳሳይ እንዴት እንደሚጨበጨብልኝ አይተሃል። እዚህ አንድ ሰው እንኳ አላጨበጨበልኝም።

የኔታ አልተቆጡም። እንዲያውም አዘኑልኝና «ልጄ፣ ማን ጽፎ ሰጥቶህ ነው?» አሉኝ።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህ ለመስታወት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። የቢሮ ጓደኞቻችንንም ሰላም በልልኝ፤ ይህን ካርድ ግን አታንብብላቸው። መጽሐፉ የሚመረቅ ዕለት መብራት እንዳይጠፋ ጸልይልኝ።

ልመንህ