በቁንዶ በርበሬ ብልቃጥ ውስጥ ስላስተኛሃቸው ጥንዚዛዎች

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ለማቀዝቀዣህ ግን አልልም።

«አይዞዎት አጎቴ፣ ፎቶ እስካነሳቸው ነው፤ ብርዱ ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም» ብለኸኝ ነበር። የምታስተኛቸው በቁንዶ በርበሬ ብልቃጥ መሆኑን ግን አልነገርከኝም። ዛሬ ትኩስ የጾም ድንቼ ላይ ነሰነስኳቸው። ሙቀቱ ሲሰማቸው ተነሥተው ይሄዱ ጀመር።

እኔ አንድ ጊዜ ጎርሼ ነበር።

ሦስት ጊዜ በሎሚ ተጉመጠመጥኩ። የፈጣሪን ሥራ አጉልቶ ማየት መልካም ነው፤ ከማዕድ ላይ ግን ይራቅ።

ከሸሹት አንዱ፣ ትንንሹን ለማጉላት ገልብጠህ ካሜራህ ላይ የምትገጥመው የአባትህ አሮጌ ሌንስ ላይ ወጣ። ተጸይፌ ሌንሱን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጠብኩት። አሁን ቀለበቱ አልዞር ብሏል፤ ውስጡም ጭጋግ ይዟል። ይዤው ወደ ካሜራ ጠጋኙ ሄጃለሁ። ወንድሜ በሕይወት ቢኖር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤

አንተ አትድገመው።

ድንቹን እንዳትነካ። ጥንዚዛዎችህን ሰብስቤ መስኮቱ ላይ ብርጭቆ ደፍቼባቸዋለሁ፤ ሰባት ናቸው። የብልቃጡ ክዳን ላይ «ስምንት» ብለህ መጻፍህን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ስምንተኛውን አትፈልገው፤ ጾሜን ያስገደፈኝ እሱ ነው።

አጎትህ