ለቅሶ ቤት ክሯ የተፈታባት ደብል ቤዝህ

ለወንድም ጋሼ ይድነቃቸው፤

እንዴት ከረምክ? ደረትህ እንዴት ነው፣ ያ ሳል ተወህ? ደብል ቤዟን ስትሸከም የሚቆረጥምህ የቀኝ ትከሻህስ ተሻለው? የጣትህ ጫፍ መላጡን ተወ ወይስ አሁንም ፕላስተር ትጠቀልልበታለህ? ያለህበት ቦታ ይሞቃል? ለጎንህ የሚመችህ ነገር አግኝተሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ንዴቱ ግን ከናፍቆቱ በልጧል፤ አልዋሽህም።

እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። ከሞትክ ዛሬ ሃያ አንድ ቀንህ ነው። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብትለኝ፣ ጉንፋን ነው እያሉ ይሞታል ወይ ብዬ እጠይቅሃለሁ። ዓርብ ዕለት ላብ እያጠመቀህ ነበር። የባንዳችሁ መሪ ጋሽ ዘገዬ ደውሎ ቤዝ የሌለው ባንድ ጨው የሌለው ወጥ ነው ሲልህ፣ አንተ እምቢ ማለት አቅቶህ ለመጫወት ወደ ዌስትላንድስ ሄድክ። እሑድ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ለምን እስከ ዛሬ ቆያችሁ ብላ ጠየቀችኝ። እኔን! እኔ ገና የፎርም ስሪ ተማሪ ነኝ፤ አንተን ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ የማዝህ እኔ ነኝ እንዴ? ለእሷ ያልመለስኩላትን ለአንተ ልመልስልህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ግን ከዚያ በፊት ስለዚያች ከሰው የምትረዝም ደብል ቤዝህ መናገር አለብኝ፤ ከሌላ ሰው እንድትሰማ አልፈልግም።

ከቀብርህ እንደተመለስን ቤቱ በሰው ሞላ። አክስቴ የሺወርቅ ምግብ ቤቷን ዘግታ መጥታ ነበር፤ ማዘዙንም ማልቀሱንም ይዛዋለች። ደብል ቤዟን ጥግ ላይ ቆማ ስታያት ክው አለች። የአባቷን ነገር ታውቃለህ፤ አባባ ባልቻ በገና ደርዳሪ ነበሩ፣ ቤታቸው ሰው ከሞተ የበገናው አውታር እስከ አርባው ድረስ ይላላል። ለቅሶ ቤት የተወጠረ ነገር አይቆምም፣ ሰው ቢነካው ይጮሃል፣ ነውር ነው አለችኝ። «ተነስ፣ ያንን ግንድ ፍታው» አለችኝ በሰው ፊት።

በገና አውታሩ ቢላላ ያንቀላፋል እንጂ አይፈርስም። ደብል ቤዝ ግን እንደዚያ አይደለችም። ክሮቹን ያንተራሰው ብሪጅ፣ አባባ ባልቻ በርኩማ የሚሉት ማለት ነው፣ በሙጫ አልተያዘም። ሆዷ ውስጥ ደረቷን ከጀርባዋ የምትደግፈው አውራ ጣት የምታህል የእንጨት ምሰሶም በሙጫ አልተያዘችም። ሁሉም የቆሙት ክሮቹ ስለሚጫኗቸው ብቻ ነው። አንተ ክር ስትቀይር አንዱን ሳትወጥር ሌላውን ፈትተህ አታውቅም፤ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እና ወንድም ጋሼ፣ አክስቴን ሰበብ አላደርጋትም። እያወቅሁ ነው የፈታሁት። አንተ የሌለህበት ቤት ውስጥ ምን ተወጥሮ ይቆማል ብዬ አራቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ አዞርኩ። ብሪጁ ዷ ብሎ ወደቀ። ቀጥሎ ከሆዷ ውስጥ «ኳ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ምሰሶዋ ነበረች። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አክስቴ አማተበችና «ክሩ ስለላላ የሚፈርስ ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?» አለች።

እንዲህ ተኝታ አሥራ ሁለት ቀን ቆየች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሽ ዘገዬ ዘርይሁን የሚባል ልጅ አስከትሎ መጣ። ዘርይሁን በአንተ ቦታ የገባው ቤዝ ተጫዋች ነው። መቼም ሰው ቦታ ለመያዝ እንዴት ይፈጥናል! ጋሽ ዘገዬ ትንሽ አለቀሰ፤ ስለ ደግነትህ አወራ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጥጉ ወረወረና ልጁ ሰበረው አለ። ቀጥሎ ዕቃው የባንዱ ስለሆነ ግድ የለም፣ አናጢ ጋ ወስደን በኮላ እናስለጥፈዋለን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጊጊሪ የእራት ግብዣ አለብን አለ።

የባንዱ! እዚህ ላይ ነው ጆሮዬ ጭው ያለው። ከሁለት ዓመት በፊት ያ የሚዘጋው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዕቃውን ሲያወጣ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሁለት ደብል ቤዝ ነበር። አንዱ መስታወት የመሰለ ቀለም የተቀባ፣ ሌላዋ ጎኗ ላይ የተጠገነ ስንጥቅ ያላት። ጋሽ ዘገዬ የሚያብረቀርቀውን ውሰድ አለህ። አንተ እንደ አናጢ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ከጭንቅላቱ እስከ ታች በአንገቱ ላይ አየህና ጠሟል አልክ። ስንጥቋ ያላትን ጀርባዋን በጉልበትህ መታ አድርገህ ጆሮህን ለጠፍክባት፤ ቆየህ፤ ሳቅህ። «እንግዳ የሚያየው ስንጥቁን ነው እንጂ አንገቱን ነው እንዴ?» ብሎ ሲቆጣህ፣ «እንግዳው ይያት፣ አቅፌያት የምቆመው እኔ ነኝ» አልከው። ባለ አምስት ክሩን የጃፓን ቤዝ ጊታርህን ለመምህሩ ልጅ ሰጥተህ ነው የለወጥካት። ለሠርግና ለጭፈራ ያቺ አሮጌዋ ባለ አራት ክር ጊታር ትበቃኛለች አልክ። ጋሽ ዘገዬ ያዋጣው ነገር ቢኖር ፒካፕ መኪናውን ብቻ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ካሳራኒ ቤታችን አመጣልን። በቃ። በእኔ መኪና ነው የመጣው እያለ ለለቀስተኛው ሲያስረዳ ብታየው!

ደግሞ በስንት ነገር ነው ያማረራት። ድምፅ የላትም ይል ነበር። ድሮ አንድ ቀን ዌስትላንድስ የሆነውን አንተ እየሳቅህ ነው ያወራኸኝ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ስፒከሩን ፊት ለፊቷ አቁሞ ድምፁን እሱ ራሱ ሲጨምረው እንደ ጅብ ጮኸች፤ እንግዳው ጆሮውን ያዘ። እሱ በማይክራፎን ቤዛችን ገና አልተገራችም ብሎ አሳቃቸው። አንተ ምን አደረግህ? ምንም። ስፒከሩን ከፊቷ ወደ ሌላ አዞርክ፣ ደረቷ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በስፖንጅ ደፈንክና መጫወትህን ቀጠልክ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ዝምታህ ነው። ሳሉንም በዝምታ ነው የያዝከው።

ስለዚህ እኔ ዝም አላልኩም። በሩ ላይ ቆሜ ደብል ቤዟ አትሄድም አልኩ። ጋሽ ዘገዬ ዘወር ብሎ «አንተ ቤዝ ትጫወታለህ?» አለኝ። አልጫወትም አልኩት። «ታዲያ ልትበላት ነው?» አለ፤ ሰው ሳቀ። አክስቴም ግንዱ ከቤት ቢወጣላት ደስ ይላት ነበር። ግን እኔን አየችኝና ዳኛ ሆነች። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ መልሶ ካቆማት የእሱ ናት፣ ካላቆማት ውሰዳት ብላ ፈረደች። ጋሽ ዘገዬም በሁሉ ፊት እሺ አለ። ልቡ ግን ከየት አምጥቶ እያለ ነበር።

ረቡዕ የሒሳብ ፈተናዬን ጨርሼ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በትልቁ ማታቱ ታክሲ ንጋራ ሰፈር ወሰድኳት። ዕቃህን የሚጠግኑልህ ሽማግሌ፣ ድሮ በወታደር ባንድ የነበሩት ምዜ ሙቲሶ ጋ ማለቴ ነው። መኪናው ውስጥ ሳስገባት ረዳቱ «ልጅ፣ ሬሳ ከሆነ ኮንትራት ያዝ እንጂ!» ብሎ በስዋሂሊ ጮኸ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ። «የሞተው ባለቤቷ ነው» አልኩት። ሳቁ ቀጥ አለ። አንዲት ሴትዮ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ደብል ቤዟን አስቀምጬ እኔ ቆሜ ሄድኩ።

ምዜ ሙቲሶ ስለ አንተ አልሰሙም ነበር። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፤ ከዚያ ክሮቹን ማን ፈታቸው አሉኝ። እኔ ነኝ ብዬ የአባባ ባልቻን ደንብ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝና «እናንተ ቤት ሰው ሲሞት የመኪና ጎማም ታስተነፍሳላችሁ?» አሉኝ። ሳቅሁ ወንድም ጋሼ። አንተ ከሞትክ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ በሳቄ ተናደድኩ።

እሳቸው ይሠሩልኛል ብዬ ነበር፤ የታጠፈች ሽቦ፣ ትንሽ መስታወትና የእጅ ባትሪ አስይዘውኝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወንድምህም እዚሁ ነው የተማረው አሉ። ምሰሶዋን ሽቦው ላይ ሰክተህ በቀዳዳው ታስገባታለህ፣ ከብሪጁ ቀኝ እግር አንድ ጣት ወደ ኋላ ታቆማታለህ። ብትጠብቅ ደረቷን ትወጋለች፣ ብትላላ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወደቀችብኝ። ልማረር ስል «አትቆጣት፣ እሷ አልሞተችብህም» አሉኝ። በሰባተኛው ቆመች። ከዚያ ብሪጁን ይዤ ክሮቹን በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ብሪጁ እንዳይጋደል እያየሁ ወጠርኩ። ወፍራሙን ክር ስነካው መሬቱ በእግሬ ውስጥ መጣ። አንተ በየቀኑ ይሄን ትሰማ ኖሯል፤ አንድም ቀን አልነገርከኝም።

ትናንት ቅዳሜ ጋሽ ዘገዬ ፒካፑን በር ላይ አቁሞ ገባ። ደብል ቤዟ ቆማለች። ዘርይሁን ቀርቦ ነካት፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ነዘረ። ልጁ እጁን መለሰና «ጋሽ ዘገዬ፣ እኔ በጊታሬ እጫወታለሁ፤ ይቺ የይድኔ ናት» አለ። ስፈርድበት ነበር፤ አፈርኩ። ጋሽ ዘገዬ ግን ያንን የመኪናውን ወሬ እንደገና ጀመረ፤ ለአክስትህ እንጂ ለአንተ ቃል አልገባሁም አለኝ። ያን ጊዜ አክስቴ ከማድ ቤት ማማሰያ እንደያዘች ወጣች። «ዘገዬ፣ የተጫነ ሁሉ የሹፌሩ ከሆነ፣ የእኔ ሽንኩርት እስከ ዛሬ የማታቱ ነበር በለኛ!» አለችው። በሐዘን ላይ አንጣላም ብሎ ወጣ። እግዜር ይማርህ እንኳን ሳይል!

በሩ ሲዘጋ አክስቴ ወደ እኔ ዞረችና አሁን ፍታው አለች። የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደችም። አልፈታም አልኳት። የአባቴን ደንብ ልትሽር ነው አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ብፈታት ትወድቃለች፣ ባልፈታት አክስቴ ታዝናለች። መጨረሻ ላይ እንዳትጮህ ነው እንጂ እንድትወድቅ አልፈለግሁም አለችና ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በአራቱ ክሮች መሐል እያሳለፈች ጠመጠመችው። እስከ አርባህ እንዲህ ትቆያለች፤ ተወጥራ፣ ድምፅ ሳታሰማ። ከዚያ አክስቴ ወደ ምግብ ቤቷ ተመለሰች። ከእኔ ጋር ኑር ብላኝ ነበር፤ ትምህርት ቤት እስኪዘጋ እዚሁ ልሁን አልኳት።

እማማ ፓስፖርቷ ስላልደረሰላት ከናዝሬት መምጣት አልቻለችም፤ ስልክ ስትደውል መጨረሻ ላይ ብርድ እንዳይመታው ትላለች፣ እኔን ይሁን አንተን አልጠይቃትም። ሰላም ብላሃለች። አክስቴም ብታውቅ ሰላም ትልህ ነበር። ምዜ ሙቲሶ እንደ ማሲንቆ የምትጫወትበት ቀስትህ እሳቸው ጋ ተቀምጧል ብለውሃል። ዘርይሁን የሚባለውንም ሳታውቀው ሰላም በለው። ለጋሽ ዘገዬ ሰላምታ የለኝም። አባባ እዚያ አንተ ጋ ስለሆነ ጉልበቱን ሳምልኝ። አባባ ባልቻን ካገኘሃቸው ደንቡ ደብል ቤዝንም ይጨምራል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተነሳሁ። የትናንት ዳቦ ቆሜ በላሁ። ከዚያ ደብል ቤዟን እንደ አንተ ልይዛት ሞከርኩ፤ አንገቷ ከጭንቅላቴ በላይ ሄደ፣ ክንዴ አልደረሰም። ከሥሯ የሚወጣው የብረት እግሯ በአንተ ቁመት ልክ ነው የታሰረው። ብሎኑ አልፈታ አለ፤ በፒንሳ ያዝኩት። ብረቱ ላይ አንተ በቢላ የጫርካት ምልክት ነበረች፤ እስከዚያ ድረስ ነበር የምታወጣው። ገፋሁት፤ ምልክትህ ወደ ውስጥ ገባች። ብሎኑን አጠበቅሁና ደገፍኳት፣ ትከሻዬ ላይ ልክ መጣች። ቢላ ፈለግሁና በአዲሱ ልክ ላይ የራሴን ምልክት ጫርኩ።

ታናሽ ወንድምህ
ኤልናታን

ካሳራኒ፣ ናይሮቢ
እሑድ፣ ኅዳር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.